ኦሌድ፣ ኪውሌድ ወይስ ሚኒ ኤልኢዲ? ትልቅ ቲቪ ከመግዛት በፊት

የቲቪ ካርቶን ላይ የሚለጠፈው ስም በዝቷል። ኤልኢዲ፣ ኪውሌድ፣ ኒዮ ኪውሌድ፣ ኪውኔድ፣ ኦሌድ፣ ሚኒ ኤልኢዲ፤ በቅርቡ ደግሞ አርጂቢ ሚኒ ኤልኢዲ። ሻጩ «ኪውሌድ ነው፣ ከዚህ በላይ የለም» ይላል። ገዢው ስለ ኦሌድ የሰማውን ሙገሳ ይዞ መጥቶ «አዎ፣ እሱን ነው ያሉኝ» ብሎ ይከፍላል። ሁለቱ ግን በአሠራር አይገናኙም።

ግርታው የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ውስጥ ቲሲኤል እና ሃይሴንስ ፍርድ ቤት ተከሰዋል። ከሳሾቹ ደንበኞች የሚሉት ባጭሩ፣ ኪውሌድ ተብሎ የተሸጠልን ቲቪ ስሙን የሚያሰጠው ነገር የለውም፣ ካለውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም ነው። ክስ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ቢሆንም ካርቶን አንብቦ ብቻ ቲቪ መምረጥ የትም አገር እንደማያዋጣ ያሳያል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ስህተቱ ይበልጥ ያስወጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 ብር ተሻግሯል። ባለ 65 ኢንች ቲቪ አንዴ ከተገዛ ለዓመታት መቆየት ያለበት ዕቃ ነው፤ «አልወደድኩትም፣ ልቀይረው» የሚባልበት አይደለም።

መብራቱ ከየት ነው የሚመጣው?

ስሞቹን ሁሉ ወደ ጎን እንተዋቸውና አንድ ነገር እንጠይቅ። ስክሪኑ ላይ የምናየው ብርሃን ከየት ነው የሚመጣው? ገበያ ላይ ያሉት ቲቪዎች በዚህ ለሁለት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ወገን ኤልሲዲ ነው። ከኋላ መብራት አለ፤ ከፊት ደግሞ ብርሃኑን የሚያሳልፍ ወይም የሚከለክል፣ ፈሳሽ ክሪስታል የያዘ ስስ ንጣፍ አለ። ኤልኢዲ ቲቪ የምንለውም ኤልሲዲ ነው፤ የኋላ መብራቱ ኤልኢዲ ስለሆነ ነው እንደዚያ የተባለው። ችግሩ ንጣፉ ብርሃኑን ጥርቅም አድርጎ አይዘጋም። እኩለ ቀን ላይ መጋረጃ እንደ መዝጋት ነው፤ ክፍሉ ይደበዝዛል እንጂ አይጨልምም። ጥቁር መሆን የነበረበት ሰማይ ግራጫ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው።

ንጣፉ ራሱ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፤ አይፒኤስ እና ቪኤ። አይፒኤስ ላይ ነጩ ከጥቁሩ 1,000 ጊዜ ያህል ይደምቃል። ቪኤ ላይ ልዩነቱ 3,000 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ማታ ፊልም ለሚያይ ሰው ቪኤ ይሻላል። ግን ቪኤን ከጎን ሆኖ ያየ ሰው ቀለሙ የታጠበ ይመስለዋል። ሶፋው ግድግዳውን ተከትሎ በዞረበት ሳሎን፣ ጥግ የያዘው እንግዳና መሃል የተቀመጠው ሰው አንድ ምስል አያዩም። ይህ ካርቶኑ ላይ አይጻፍም። ጭራሽ አንዱ ሞዴል በ55 ኢንች ቪኤ፣ በ65 ኢንች አይፒኤስ ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

ከዚያ የኋላ መብራቱ አለ። ርካሾቹ ላይ መብራቱ በአንድ ላይ ይደምቃል፣ በአንድ ላይ ይደበዝዛል። ሻል ያሉት ላይ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ፣ ምስሉ በጨለመበት ቦታ ብቻ ዝቅ ይላል፤ ይህን ሎካል ዲሚንግ ይሉታል። ሚኒ ኤልኢዲ ይኸው ነገር ሲሻሻል ነው። መብራቶቹ በጣም አንሰው በቁጥር ይበዛሉ፣ ለየብቻ የሚታዘዙት ክፍሎችም ከመቶዎች እስከ ሺዎች ይደርሳሉ። ቲሲኤል እ.ኤ.አ. በ2019 ለገበያ አወጣው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ሳምሰንግ በ2021 ኒዮ ኪውሌድ ብሎ ተከተለ። እንከኑ ከሂሳቡ ይታያል። ባለ 4ኬ ስክሪን 8.3 ሚሊዮን ያህል ፒክስል፣ ማለትም የምስል ነጥብ አለው። የመብራት ክፍሎቹ 1,000 ቢሆኑ አንዱ ክፍል ከ8,000 በላይ ነጥቦችን ይዞ ይበራል። በጨለማ ትዕይንት ላይ ነጭ የትርጉም ጽሑፍ ሲመጣ ዙሪያውን ጉም የሚመስል ነገር የሚታየው ከዚህ የተነሳ ነው።

ኪውሌድስ? እሱም ኤልሲዲ ነው። የሚለየው ኳንተም ዶት የሚባሉ፣ በናኖሜትር የሚለኩ ቅንጣቶች ስላሉት ነው። ሰማያዊ ብርሃን ተቀብለው ጥርት ያለ ቀይና አረንጓዴ ይመልሳሉ። ሳይንሱ ቀልድ አይደለም፤ ሙንጂ ባወንዲ፣ ሉዊስ ብሩስ እና አሌክሲ ኤኪሞቭ የ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የወሰዱት በኳንተም ዶት ነው። ቲቪ ላይ ግን ሥራው ቀለም ማሳመር ነው፣ ጥቁሩን አያጠቁርም። ሎካል ዲሚንግ የሌለው ኪውሌድ ቀለሙ ያማረ ተራ ኤልኢዲ ቲቪ ነው። ሳምሰንግ ይህን ስም በ2017 ማስተዋወቅ ሲጀምር ሆን ብሎ ከኦሌድ ጋር ለማምታታት ነው የሚሉ አሉ። ሆን ተብሎም ይሁን አይሁን ሰው ተምታቶበታል።

ሁለተኛው ወገን ኦሌድ ነው። ከኋላ መብራት የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ነጥብ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ራሱ ከሚበራ የካርቦን ውህድ የተሠራ ነው። ሲቋረጥበት ይጠፋል፤ ጥቁሩ ጥቁር የሚሆነው በእውነት ስለጠፋ ነው። ሶኒ በ2007 ባለ 11 ኢንች ይዞ ብቅ አለ፣ ኤልጂ በ2013 ባለ 55 ኢንች ለገበያ አቀረበ፣ በ2022 ደግሞ ኦሌድና ኳንተም ዶት የተጣመሩበት ኪውዲ ኦሌድ መጣ። ለቲቪ የሚሆነውን ትልቅ የኦሌድ ፓነል፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳየውን የስክሪን ክፍል፣ የሚያመርቱት ኤልጂ ዲስፕሌይና ሳምሰንግ ዲስፕሌይ ናቸው። ሶኒም ፓናሶኒክም ከእነሱ እየገዙ ነው የሚገጥሙት።

አርጂቢ የሚባለው አዲሱ ነገር፣ ሃይሴንስና ሳምሰንግ በ2025 ከ110 ኢንች በላይ በሆኑ ስክሪኖች ይዘውት የመጡት፣ የኋላ መብራቶቹ ራሳቸው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑበት ኤልሲዲ ነው። ለጊዜው ከአብዛኛው ሰው ኪስ ጋር አይተዋወቅም።

ትልቁ ኤልሲዲ ለምን ረከሰ?

እ.ኤ.አ. በ2022 ኤልጂ ባለ 97 ኢንች ኦሌድ ሲያወጣ አሜሪካ ውስጥ የተቆረጠለት ዋጋ 25,000 ዶላር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ባለ 98 ኢንች ኤልሲዲ እዚያው አገር በቅናሽ ወቅት ከ2,000 ዶላር በታች ወርዶ ተሸጧል። ለአንድ ኢንች ልዩነት ይህን ያህል የዋጋ ርቀት ከየት መጣ?

መልሱ መስተዋቱ ላይ ነው። ፓነል የሚሠራው ከአንድ ሰፊ መስተዋት ላይ ተቆርጦ ነው። ቢኦኢ የተባለው የቻይና ኩባንያ በሄፌይ ከተማ የከፈተውና ሌሎችም የተከተሉት ትውልድ 10.5 የሚባል ፋብሪካ 2.94 ሜትር በ3.37 ሜትር የሆነ መስተዋት ይጠቀማል። ከዚያ ላይ ስምንት ባለ 65 ኢንች ወይም ስድስት ባለ 75 ኢንች ብክነት ሳይበዛ ይወጣል። የኦሌድ መስመሮች የሚሠሩት 2.2 በ2.5 ሜትር በሆነ መስተዋት ነው፤ ስድስት ባለ 55 ኢንች በደንብ ይወጣዋል፣ ስክሪኑ እየተለቀ ሲሄድ ግን የሚባክነው ይበዛል። ስለዚህ ኦሌድና ኤልሲዲ በ55 ኢንች ይቀራረባሉ፣ ከ77 በላይ ይራራቃሉ። ኮሪያዎቹ ራሳቸው ጨዋታውን ለቀዋል። ሳምሰንግ ዲስፕሌይ በ2022 ኤልሲዲ ማምረት አቆመ፤ ኤልጂ ዲስፕሌይም የጓንግዡ ፋብሪካውን ለቲሲኤል እህት ኩባንያ ሸጦ በ2025 አስረከበ።

በምስል ጥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ፕላዝማ የሚባለው የድሮ የቲቪ ዓይነትም ባልሞተ ነበር። የጥቁሩ ጥልቀት በዚያ ዘመን ከነበረው ኤልሲዲ ይበልጥ ነበር፤ ነገር ግን ኤልሲዲ ረከሰ፣ ቀለለ፣ መብራትም ቆጠበ፣ እስከ 2014 መጨረሻ ዋናዎቹ አምራቾች ፕላዝማን ተሰናበቱ። (ለአዲስ አበባ ሌላም ጣጣ ነበረው። ውስጡ የታሸገ ጋዝ ስላለ፣ አየር በሚሳሳበት ከፍታ ላይ የሚያጉረመርም ድምፅ ያወጣ ነበር፤ እኛ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። ኤልሲዲና ኦሌድ እንዲህ ያለ ችግር የለባቸውም።)

ኦሌድ ያረጃል ወይስ ወሬ ነው?

ትልቁ ክርክር እዚህ ላይ ነው። የኦሌድ ነጥቦች በሠሩ ቁጥር ያረጃሉ። አንድ ቦታ ያሉት ከጎረቤቶቻቸው አብልጠው ከሠሩ ቀድመው ይደክማሉ፣ ያሳዩት የነበረው ቅርጽም ስክሪኑ ላይ እንደ ጥላ ይቀራል። በርን ኢን የሚባለው ይህ ነው።

ለኦሌድ የሚከራከሩት፣ ይህ የድሮ ታሪክ ነው ይላሉ። አዳዲሶቹ ፓነሎች ጠንክረዋል፣ ቲቪው ራሱ ምስሉን በጥቂት ነጥብ ወዲያ ወዲህ ያንቀሳቅሳል፣ ቆሞ የቀረ ሎጎ ሲያገኝ ያደበዝዛል፤ ፊልም፣ ኳስና ዩቲዩብ እየቀያየረ የሚያይ ሰው ለዓመታት ምንም ላያይ ይችላል። ተቃራኒዎቹ የሚጠቅሱት አርቲንግስ የተባለውን የካናዳ የዕቃ መሞከሪያ ነው። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ 100 ያህል ቲቪዎችን የዜና ጣቢያ ከፍቶ ሌት ተቀን ሊባል በሚችል መጠን ሲያስሮጥ፣ ኦሌዶቹ ላይ ጥላው ታይቷል። ግን ያው ሙከራ ሌላም ነገር አወጣ። መብራታቸው ጠርዝ ላይ የተደረደረ ቀጫጭን ኤልሲዲዎች በሙቀት ተጎድተው ብዙዎቹ ተበላሽተዋል። ስለዚህ «ኤልሲዲ አይሞትም» ማለትም አያስኬድም።

ሁለቱም ወገን የሚናገረው እውነት ነው። የሚወስነው ቲቪው ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚውል ነው፤ እዚህ ላይ የውጭ ግምገማዎች የእኛን ቤት አያውቁትም። ብዙ ቤት ቲቪ ጠዋት ይከፈትና ሲተኛ ነው የሚጠፋው። ቻናሉ አንድ ነው፤ ጥጉ ላይ ሎጎ፣ ከታች የሚሮጥ ጽሑፍ፣ አንዳንዴ ከጎንም ማስታወቂያ። ኦሌድ የሚፈራው ይህንኑ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ኦሌድ ቲቪ አራት ሰዓት ያህል ከታየ በኋላ በሪሞት ሲጠፋ፣ ስክሪኑ ጨልሞ ሳለ ለደቂቃዎች ራሱን ያስተካክላል፤ የደከሙትን ነጥቦች ለክቶ ያካክሳል። ይህን የሚያደርገው ስታንድባይ ላይ ሆኖ፣ ኮረንቲ እያገኘ ነው። እኛ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ ያቃጥለዋል ብለን ማታ ማታ ዲቫይደሩን አጥፍተን ወይም ሶኬቱን ነቅለን ነው የምንተኛው። ለተራ ቲቪ ጥሩ ልማድ ነው። ኦሌድን ግን ከሚጠብቀው ነገር ይለየዋል። ኦሌድ የገዛ ሰው በሪሞት አጥፍቶ፣ ትንሽ ቆይቶ መንቀል ይኖርበታል።

ሳሎኑ ይወስናል

የስክሪን ድምቀት የሚለካው በኒት ነው። ርካሽ ኤልኢዲ ቲቪ 300 ኒት አካባቢ ላይ ይቆማል። ጥሩ ሚኒ ኤልኢዲ ከ1,500 ሊያልፍ ይችላል። ጥሩ ኦሌድም ትንሽ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ የፋኖስ ብርሃን ሲያሳይ፣ ከ1,000 በላይ ይወጣል፤ ሙሉ ስክሪኑ ነጭ ሲሆን ግን ወደ ጥቂት መቶ ይወርዳል፣ ኃይሉንና ሙቀቱን ለመቆጣጠር።

ይህ ወደ ቤት ሲተረጎም ቀላል ነው። ሰፊ መስኮት፣ ስስ መጋረጃ፣ ቀን ላይ የሚታይ ቲቪ ካለ ሚኒ ኤልኢዲ። ማታ መብራት ተቀንሶ ፊልምና ተከታታይ ድራማ የሚታይበት ቤት፣ ሰውም ከግራ ከቀኝ የሚቀመጥበት ከሆነ ኦሌድ የሚያህለው የለም። ለሁለቱም በጀት ካልደረሰ፣ ሎካል ዲሚንግ ያለው ቪኤ ኤልሲዲ ከስመ ጥሩ ኪውሌድ ይበልጣል። እንደ እኔ ከሆነ ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ሳሎን ሚኒ ኤልኢዲ ነው ሚዛን የሚደፋው፤ በምስል ኦሌድን አሸንፎ ሳይሆን ከአጠቃቀማችን ጋር ስለሚስማማ።

ኳስ ለብቻው ይታይ። አረንጓዴ ሜዳ ላይ ካሜራው ሲሮጥ፣ ርካሽ ኤልሲዲ ላይ ቆሻሻ የመሰሉ ቋሚ ጥላዎች ይታያሉ፤ መብራቱ እኩል ስላልተሠራጨ ነው። ኳሷ ጭራ የምታወጣው ደግሞ ነጥቦቹ ቀለም ለመቀየር ስለሚዘገዩ ነው፤ ኦሌድ እዚህ ላይ እጅግ ፈጣን ነው። ካርቶኑ ላይ «ሞሽን 120» የሚል ካለ አትመኑት። የፓነሉ ትክክለኛ ፍጥነት 60 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ምስል ሆኖ፣ ቁጥሩ የማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። ፕሌይስቴሽን 5 ያለው ሰው ትክክለኛ 120 ኸርዝና ኤችዲኤምአይ 2.1 የሚባለው የኬብል መሰኪያ መኖሩን ከሞዴሉ ዝርዝር ላይ ይፈልግ።

4ኬ ስክሪን፣ የዲሽ ምስል

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ቲቪው 4ኬ ቢሆንም ከዲሽ የሚመጣው 4ኬ አይደለም። ሙሉ ኤችዲ የሆነ ቻናል 2 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ይልካል፤ ቲቪው 8.3 ሚሊዮን መሙላት አለበት። ከአራት ነጥብ ሦስቱን የሚገምተው ፕሮሰሰሩ ነው። በድሮው ጥራት የሚመጣ ቻናል ከሆነ ደግሞ ከሃያ አንዱ ብቻ ነው ከውጭ የሚመጣው። ስክሪኑ በተለቀ ቁጥር የግምቱ ስህተትም አብሮ ይለቃል፤ ባለ 75 ኢንች ገዝቶ «የድሮዋ 32 ትሻለኝ ነበር» የሚል ሰው አልተሳሳተም። ለዚህ ነው አብዛኛው ጊዜ ዲሽ የሚታይበት ቤት ውስጥ ጥሩ ፕሮሰሰር ያለው 55 ወይም 65፣ ደካማ ፕሮሰሰር ካለው 75 የሚበልጠው።

ርቀቱም አለ። ለ65 ኢንች ከ2 እስከ 2.7 ሜትር ርቆ መቀመጥ ይመከራል። ምስሉ የዲሽ ከሆነ ራቅ ማለት ይሻላል። ስለ 8ኬ ማውራት አያስፈልግም፤ የሚታይ ነገር የለውም።

ሱቅ ውስጥ ምን ይታይ?

ሱቅ ውስጥ ሁሉም ቲቪ ያምራል። የማሳያ ሁነታ ላይ ስለሚደረግ ድምቀቱም ቀለሙም ጣራ ይነካል፤ የሚታየውም ፓፓጋዮና የፍራፍሬ ቪዲዮ ነው። ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሦስት ነገር ይበቃል፤ ጨለማ የበዛበት የፊልም ቁራጭ ነጭ ጽሑፍ ያለበት፣ የኳስ ጨዋታ፣ እና ቤት የምታዩትን ቻናል የሚመስል ደካማ ጥራት ያለው ቪዲዮ። ሻጩን «ከማሳያ ሁነታው አውጣልኝ» በሉት። ጨለማው ላይ ጉሙን፣ ኳሱ ላይ ጥላውን እዩ፤ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዳችሁ ቀለሙን። ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ካለ ቀጣዩ ሱቅ ሩቅ አይደለም።

ብልሽት፣ ኮረንቲና ከውጭ የሚላክ ቲቪ

ኤልሲዲ ላይ ድምፅ እያለ ምስል ከጠፋ ብዙ ጊዜ የሄደው የኋላ መብራቱ ነው። የስልክ ባትሪ ስክሪኑ ላይ አስጠግታችሁ ስታበሩ ምስሉ ደብዝዞ ከታየ ፓነሉ ደህና ነው፤ የመብራት ረድፉን የሚቀይሩ ባለሙያዎች አሉ፣ ዋጋውም ያን ያህል አይጎዳም። ሚኒ ኤልኢዲ ላይ ይኸው ሥራ ይከብዳል። ፓነሉ ከተሰነጠቀ ግን ኤልሲዲም ሆነ ኦሌድ፣ ዋጋው ከአዲስ ቲቪ ብዙም አይርቅም። ስታቢላይዘር ለሁሉም ያስፈልጋል።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ቲቪ ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እዚያ የሚሸጡ ብዙ ቲቪዎች ከ110 እስከ 120 ቮልት ብቻ ነው የሚቀበሉት። የእኛው 220 ነው። በቀጥታ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይሄዳል። ከመላኩ በፊት ላኪው ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ሰላም ነው፤ ካልሆነ ትራንስፎርመር የግድ ነው። ከዱባይ፣ ከአውሮፓ ወይም ከእስራኤል በሚመጣው ላይ ይህ ችግር የለም። የአሜሪካው ቲቪ የአንቴና መቀበያ እዚህ አይሠራም፣ ግን ዲሽና ሪሲቨር በኤችዲኤምአይ ስለሚገቡ ማንንም አያስቸግርም። ዋስትናው ግን አሜሪካ ቀርቷል ብላችሁ ቁጠሩት።

ትልቅ ስክሪን የሚጓጓዘው ቆሞ ነው። በተለይ ኦሌድ ስስ ስለሆነ በጀርባው አስተኝቶ ላዩ ላይ ሻንጣ መጫን ፓነሉን ይጨርሰዋል። ሲደርስ አምጪው ሳይሄድ ሰክቶ ነጭ፣ ቀይና ጥቁር ስክሪን ማየት ያስፈልጋል፤ ተጠፍቶ ሳለ መስተዋቱ ደህና የሚመስል ፓነል መስመር የሚያወጣው ሲበራ ነው።